በዲሲ ለሦስት ዓመት ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጣል?

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራይትዉድ ፓርክ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ በሰው ቤዝመንት ነው። ልጄ የተወለደው አዲስ አበባ፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ማግስት። እስካሁን የምትይዘው እናቴ ናት። ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አይሰማም፣ ዳይፐሩንም ገና አልተወም። እኔ ቨርጂኒያ፣ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ከጠዋቱ 7:00 እስከ ከሰዓት በኋላ 3:30 እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ለሚመጣው ሴፕቴምበር ልናስገባው አስበን የሰፈራችንን ትምህርት ቤት፣ ስፓኒሽ የሚያስተምረውን ፓወልን፣ ኢ.ኤል. ሄይንስን እና አፕልትሪን እያየን ነው። አንዷ ጓደኛዬ «ሰው የሚሻማበትን አንደኛ ብለሽ ከጻፍሽ ዕድልሽን ታቃጥያለሽ» ትላለች። ሌላዋ «ኢንተርኔት ላይ ነጥባቸውን አይተሽ ጨርሺ» አለችኝ። ዕድሜው አይደርስም ያሉኝም አሉ። የቤት ኪራይ ውል ስለሌለን ደግሞ ከነጭራሹ አይቀበሉን ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?
ግራ የገባት እናት

እህታችን፣ በዕድሜው እንጀምር፤ እሱ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ዲሲ ፒኬ 3 (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል፤ ፒኬ 4 የአራት ዓመቶቹ ነው) የሚያስገባው እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት የሞላውን ልጅ ነው። ከልጅሽ መወለድ በፊት የነበረው 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበረ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ስለዚህ መስከረም 18 ሴፕቴምበር 29 ላይ ይውላል። ልጅሽ በአንድ ቀን ልዩነት ለ2026–27 ፒኬ 3 ደርሷል። (በዚያው ዓመት መስከረም 20 የተወለደ ልጅ ግን ኦክቶበር 1 ላይ ስለሚወድቅ አይደርስም፤ በሌላ ጊዜ መስከረም 20 ሴፕቴምበር 30 ስለሆነ ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል።) አሁኑኑ የልደት ሰርተፍኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርገሽ በሁለቱም ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ቀን አንድ መሆኑን እዪ። ሁለቱ የተለያዩ ከሆነ ከምዝገባ ቀን በፊት ማስተካከል ይሻላል።

ይህ አንድ ቀን ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። ልጅሽ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ትንሹ ይሆናል ማለት ይቻላል። አጠገቡ የሚቀመጠው በኦክቶበር 2022 የተወለደ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ትልቅ ልዩነት ነው። «እንግዲያው ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው» እንዳትይ። ክፍሉ የሚወሰነው በዕድሜ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚገባው ፒኬ 4 ነው፤ ከፒኬ 3 በሚጀምሩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፒኬ 4 ወንበር በአብዛኛው ከታች በሚያልፉት ልጆች ተይዞ ስለሚቆይ ክፍት ቦታው ይመነምናል። ትንሽ መሆኑን ያዢው፤ ትምህርት ቤቶቹን ስታወዳድሪ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ከዲሲ ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶችሽ ስለ ገቢ መጠን የሚነግሩሽን ለጊዜው ተዪው። በእነሱ በኩል ነጻ ፕሪኬ ለማግኘት ገቢ ይታያል። ዲሲ ግን በ2008 ባወጣው ሕግ መሠረት ፒኬ 3ና ፒኬ 4 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም በነጻ ነው፤ ገቢ አይጠየቅም። የኢሚግሬሽን ሁኔታም አይጠየቅም። የሚጠየቀው የዲሲ ነዋሪነት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። እሷ በቅንነት ብትልሽም ምክሩ ስሕተት ነው፤ በየዓመቱም ብዙ ወላጅ በዚሁ ይጎዳል። ማመልከቻው የሚሞላው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው አንድ የጋራ ሎተሪ ነው። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትጽፊያለሽ። ዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ ይከፈታል፣ ለፒኬ 3 በማርች መጀመሪያ ይዘጋል፤ የዓመቱን ትክክለኛ ቀን ከገጻቸው ላይ እዪ። በመጀመሪያው ቀን የሞላና በመጨረሻው ቀን የሞላ እኩል ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚያመለክት ግን ከተጠባባቂዎች ሁሉ ጭራ ይሰለፋል።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጅሽን መጀመሪያ አንደኛ ብለሽ ወደ ጻፍሽው ይወስደዋል። ቦታ ካለ ለጊዜው ያስቀምጠዋል። ከእሱ የበለጠ ቅድሚያ ወይም የተሻለ ዕጣ ያለው ልጅ ከመጣ ልጅሽ ይነሣና ሁለተኛ ወደ ጻፍሽው ይሄዳል። ልብ በይ፣ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ያንን ትምህርት ቤት አንደኛ ብሎ ከጻፈው ልጅ ጋር እኩል ይታያል እንጂ «ዘግይተህ መጣህ» ተብሎ አይገፋም። እዚያ በጊዜያዊነት የተቀመጠ፣ ዕጣው ከልጅሽ ያነሰ ልጅ ካለ ልጅሽ ያስነሣዋል። ስለዚህ የሚሻሙበትን አንደኛ በመጻፍሽ የምታጪው ነገር የለም። የሰፈርሽን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ብትጽፊውም የሰፈር ቅድሚያሽ ሙሉ በሙሉ ይጠበቅልሻል።

ተቃራኒው ግን ያስከፍላል። «ይህ አይጠፋኝም» ብለሽ የማትወጂውን አንደኛ ብታደርጊ እሱን ታገኛለሽ፤ ከእሱ በታች የጻፍሻቸው ሁሉ በዚያው ይሰረዛሉ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አትገቢም። ተጠባባቂ የምትሆኚው ከተመደብሽበት በላይ ለጻፍሻቸው ብቻ ነው። እንግዲህ በልብሽ ባለው ቅደም ተከተል ጻፊ፤ ልጅሽን በምንም ምክንያት የማትልኪበትን ትምህርት ቤት ጨርሶ አትጻፊ። ማመልከቻውም ለአንድ ልጅ አንድ ብቻ ነው። አንቺ በአንቺ ስም፣ አባትየው በስሙ ሁለት ጊዜ ብትሞሉ ዕድሉ አይጨምርም፤ ያምታታል እንጂ።

ስለ ሰፈር ትምህርት ቤት ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በአድራሻሽ የሚደርስሽ የዲሲፒኤስ (የከተማው መንግሥት ትምህርት ቤቶች መሥሪያ ቤት) ትምህርት ቤት ልጅሽን የመቀበል ግዴታ አለበት። ለፒኬ 3ና ለፒኬ 4 ግን ቅድሚያ እንጂ ዋስትና የለሽም፤ በሎተሪው ማመልከት ግድ ነው። አንዳንድ የዲሲፒኤስ ትምህርት ቤቶች «ኧርሊ አክሽን» ይባላሉ፤ እነዚህ የክልላቸው (በአድራሻ የተመደበላቸው ሰፈር) ነዋሪ በጊዜው ካመለከተና ትምህርት ቤቱን በዝርዝሩ ውስጥ ካካተተ ወንበር ያረጋግጣሉ። የሰፈርሽ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ዛሬውኑ ጠይቂ። ከሆነ ዝርዝርሽ መጨረሻው ላይ እሱን አስቀምጠሽ ከላይ ያለውን እንደ ልብሽ መሙላት ትችያለሽ። ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ፣ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ነጻ ትምህርት ቤቶች፤ ሄይንስና አፕልትሪ ከእነዚህ ናቸው) ክልል የላቸውም፤ ከብራይትዉድ የመጣም ከአናኮስቲያ የመጣም ለእነሱ እኩል ነው። እዚያው የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ደግሞ ቅድሚያ ያገኛል፤ ሌላ ልጅ ካሰባችሁ የዛሬው ምርጫ የሁለተኛውንም መንገድ ይጠርጋል።

ወደ ማወዳደሩ እንግባ። ሁለተኛዋ ጓደኛሽ እዪው ያለችሽ ነጥብ በአብዛኛው የሚሰላው ከፈተና ውጤት ነው። በዲሲ ደግሞ የከተማው ፈተና የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው። ያ ቁጥር የሚነግርሽ የ8 ዓመትና የ10 ዓመት ልጆችን ውጤት ነው፤ እሱም ከትምህርቱ ይልቅ የወላጆቹን ኑሮ የሚያሳይበት ጊዜ ብዙ ነው። ያንቺ ልጅ የሚውልበትን ክፍል አላየውም። ለሦስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ማለት አንዲት ዋና መምህርት፣ አንዲት ረዳት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ መጫወቻ ቦታ ነው። የሚወዳደሩት እነዚህ ናቸው።

ከቁጥሮች የሚጠቅሙሽ ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የሰው ብዛት ነው። በዲሲ መስፈርት ፒኬ 3 ክፍል ከ16 ልጅ አይበልጥም፣ ለ8 ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ፒኬ 4 ደግሞ እስከ 20 ልጅ፣ ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ልጆችን ቀላቅለው የሚያስተምሩም አሉ። ለልጅሽ ይህ መልካምም መጥፎም ሊሆን ይችላል፤ ትልልቆቹን እያየ ቶሎ ይማራል፣ ግን በጨዋታ ይቀድሙታል። «ክፍሉ የተቀላቀለ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥለሽም «ረዳቷ ስትታመም ማን ይተካታል?» በይ። ወረቀት ላይ ሁለት አዋቂ አለ ማለት ረቡዕ ቀን ሁለት አዋቂ ክፍል ውስጥ አሉ ማለት አይደለም፤ ረዳቷን እየጠሩ ምሳ ቤት የሚያሠሯት ከሆነ ትንንሾቹን የሚያጸዳ ሰው ይጠፋል።

ሁለተኛው ቁጥር «ክላስ» የሚባለው የምልከታ መለኪያ ነው። የሠለጠነ ታዛቢ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መምህርትና ልጆች እንዴት እንደሚነጋገሩ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ በሦስት ዘርፍ፦ ስሜታዊ ድጋፍ፣ የክፍል አያያዝ፣ የማስተማር ድጋፍ። ሄድ ስታርት የተባለው የፌዴራል የሕፃናት ፕሮግራም የጥራት ደረጃ ብሎ ያስቀመጠው በቅደም ተከተል 6፣ 6 እና 3 ነው። ሦስተኛው በየትም ቦታ ዝቅ ስለሚል 3 ስታዪ አትደንግጪ። ስሜታዊ ድጋፉ ከ5 በታች ከሆነ ግን ለክፍሉ ታናሽ ልጅ አንመክረውም። ትምህርት ቤቱን «የባለፈው ዓመት የክላስ ውጤታችሁ ስንት ነው?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። የሚኮራበት ወዲያው ይልክልሻል።

ከዚያ በዓይንሽ እዪ። ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ሁሉም የጉብኝት ቀን አላቸው፤ በተቻለሽ መጠን ልጆች ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት ሂጂ። ማታ የሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ባዶ ክፍልና የተሰናዳ ንግግር ነው የሚያሳይሽ። ዲሴምበር ላይ በሚደረገው ኤድፌስት ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚጠብቁ ጥያቄ ለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ክፍል ግን አታዪበትም።

ከተቻለ ክፍሉ ጥግ ላይ ሃያ ደቂቃ ቁሚ። ግድግዳውን እዪ። አሥራ ስድስት አንድ ዓይነት የወረቀት ዳክዬ ከተሰቀለ ቆርጣ የለጠፈችው መምህርቷ ናት። የተዘበራረቀ ቀለምና ከሥሩ ልጁ ያለው ቃል እንዳለ ተጽፎ ካየሽ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥለሽ የመምህርቷን ጉልበት ተመልከቺ፤ ከልጅ ጋር ስታወራ ዝቅ ትላለች ወይስ ከላይ ነው የምትናገረው? ንግግሯ «ተቀመጥ፣ ዝም በል፣ ተሰለፍ» ብቻ ነው ወይስ ጥያቄ ጠይቃ መልስ ትጠብቃለች? አንድ ልጅ «ግንቡ ወደቀብኝ» ሲላት «ለምን የወደቀ ይመስልሃል?» ብላ ልጁ እስኪመልስ ድረስ የታገሰች መምህርት ካገኘሽ ትምህርት ቤቱን አግኝተሻል። ሰዓት ያዢና ልጆቹ ያለ ሥራ ተሰልፈው የሚቆሙበትን ደቂቃ ቁጠሪ። እጅ ለመታጠብ፣ ለመውጣት፣ ለመግባት፣ ለምሳ እየተባለ በግማሽ ቀን አርባ ደቂቃ ሰልፍ ላይ የሚያልፍበት ክፍል አለ፤ ጠብና ለቅሶ የሚፈላውም እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። በሚገባ የሚመራ ክፍል ውስጥ አንደኛዋ ጥቂት ልጆች ይዛ እጅ ስታስታጥብ ሌላዋ የቀሩትን ምንጣፍ ላይ ታዘፍናለች።

የሚያለቅስ ልጅ ካለ ዕድለኛ ነሽ፤ እሱን ተከታተዪ። ማን ሄደ? በስንት ጊዜ ውስጥ? ምን አለችው? ያንቺ ልጅ በመጀመሪያው ወር እሱን ነው የሚሆነው።

በራሳቸው መርጠው የሚጫወቱበት ጊዜ በቀን ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ብሎክ፣ አሸዋና ውሃ፣ የቤት ቤት ጨዋታ ያለበት ማለታችን ነው። ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ውጭ የሚወጡትስ? ሲበርድ ይሰርዙታል? እንቅልፍስ ለምን ያህል ጊዜ ነው፣ የማይተኛው ልጅ ምን ይሠራል? መጸዳጃ ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ በኮሪደር ይኬዳል? ይህችኛዋን ለአንቺ ስንል ደጋግመን እናሰምርባታለን። በዲሲፒኤስ ልጅ ዳይፐር አልተወም ተብሎ አይመለስም። ሆኖም መጸዳጃው ኮሪደር ላይ ከሆነ አንዲት አዋቂ ከክፍሉ በወጣች ቁጥር አሥራ አምስት ልጅ ለአንዲት ይቀራል፤ ስለዚህ እዚያ ያሉ መምህራን ከልባቸው ቢፈልጉም በየሰዓቱ ሊወስዱት ይቸግራቸዋል። ቻርተሮቹን ደግሞ በየራሳቸው ጠይቂ፤ «ካልተወ ይመለሳል?» ሳይሆን «እዚህ እንዴት ታስለምዱታላችሁ?» በያቸው። መልሱ ብዙ ይናገራል። እስከ ኦገስት ድረስ እናትሽ ሱሪውን ራሱ ዝቅ ከፍ ማድረግን ታለማምደው፤ ላስቲክ ያለው ሱሪ እንጂ ቁልፍና ቀበቶ አይሁን። «ሽንቴ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ ለመምህርቷ ስጪ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ልብሱ ላይ የሚሸናው ብዙ ጊዜ ስላልቻለ ሳይሆን ስላልተረዱት ነው።

ጥያቄዎችሽን ስታበቂ አንድ ጨምሪ፦ «የፒኬ 3 መምህርታችሁ እዚህ ክፍል ስንት ዓመቷ ነው? ረዳቷስ?» በየዓመቱ የሚቀያየሩ ከሆነ ስሙ የገነነው ትምህርት ቤት ያንን ስም ያተረፉለት ሰዎች ዛሬ የሉም ማለት ነው።

ስለ አማርኛው። ልጅሽ እንግሊዝኛ አለማወቁ ጉድለት አይደለም፤ ሦስት ዓመቱ ነውና ይይዘዋል። የሚያስፈራን ሌላው ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአያቱ ጋር መግባባት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አናግሩት» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትቀበዪ። አያቱ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ቆጠራውን በአማርኛ ትቀጥል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክፍል ውስጥ ዝም ሊል ይችላል፤ አዲስ ቋንቋ እየሰማ ያለ ልጅ ይህን ማድረጉ የተለመደ ነው። በአማርኛም ቢሆን በዕድሜው የሚጠበቀውን እንደማይናገር ከታየሽ ግን ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው የዲሲፒኤስ ማዕከል ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ያሉ ልጆችን በነጻ ይመረምራል፤ ምርመራው በሚችለው ቋንቋ እንዲሆን ጠይቂ።

ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከተለዩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከትምህርት ቤት ስብሰባ በፊት «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ክፍያ የለውም። ጉብኝት ላይ ይህንኑ ስትጠይቂ የሚሰጡሽ መልስም ራሱን የቻለ ማወዳደሪያ ነው፤ በስልክ አስተርጓሚ ወዲያው የሚያገናኝሽ አለ፣ «ዘመድ ይዘሽ ነይ» የሚልሽም ይኖራል።

ፓወል ጥሩ ሐሳብ ነው። በሁለት ቋንቋ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የማያውቅ ልጅ ብቻውን አይደለም፤ እዚያ ሁሉም የማይገባውን ቋንቋ በየቀኑ ይሰማል፣ መምህራኑም በምልክትና በሥዕል ማስረዳት ሥራቸው ነው። በአንዳንድ የስፓኒሽ ትምህርት ቤቶች ወንበሮቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ስፓኒሽ ለሚናገሩና ለማይናገሩ። ያንቺ ልጅ የሚቆጠረው ከማይናገሩት ነው፤ ሰልፉም እዚያ ይረዝማል። ክልልሽ ካልሆነ ዕድሉ ጠባብ መሆኑን አውቀሽ፣ ግን ከወደድሽው ሳታመነቺ ከላይ ጻፊው። በዚያው መንገድ ላም እና ዲሲ ባይሊንጓል የሚባሉትን ቻርተሮች ጨምረሽ እዪ፤ ላም ስፓኒሽን ከሞንቴሶሪ ጋር ያስተምራል፣ ሁለቱም ልጆቻቸውን ወደ ዲሲአይ መለስተኛና ሁለተኛ ደረጃ ይልካሉ።

አፕልትሪ የተሠራው ለዚህ ዕድሜ ብቻ ነው፤ ፒኬ 3ና ፒኬ 4። ጥንካሬውም ድካሙም እዚያው ላይ ነው። ትልልቅ ልጆች ስለሌሉ ግቢው የትንንሾች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እንደገና ሎተሪ ትገቢያለሽ ወይም ወደ ሰፈርሽ ትመለሻለሽ፤ ጓደኞቹን ባገኘ በሁለት ዓመቱ ያጣቸዋል። ሄይንስ ከፒኬ 3 እስከ 12ኛ ክፍል አንድ መስመር ነው። የሰፈርሽ ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ መጨረሻ ክፍሉ ያቆየዋል፣ በዲሲ ውስጥ ቤት ብትቀይሩም። ሰዉ የፒኬ 3 ሎተሪ ላይ ይህን ያህል የሚሻማው ስለ ሕፃናት ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ የገባ አይወጣምና ነው።

በሌላ በኩል የእናንተ ቤት ሰዓት ጉዳዩን ከግማሽ በላይ ይወስነዋል። ብዙ የዲሲፒኤስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ8:45 እስከ 3:15 ናቸው። አንቺ በ7:00 ሥራ ላይ ነሽ፤ ባለቤትሽ ሌሊት ነድቶ ይገባል። ጠዋት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እንቅልፍ ሳይተኛ ማለት ነው። ስለዚህ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬደውና በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ የሚወስደው ለእናንተ እኩል አይደሉም። ቢጫ አውቶቡስ በአብዛኛው ለልዩ ፍላጎት ልጆች ካልሆነ የለም፤ ተማሪዎችን በነጻ የሚያጓጉዘው የሜትሮ ካርድም የሚሰጠው ከ5 ዓመት ጀምሮ ነው። በ3:15 አያቱ ትወስደው ከሆነ ስሟ በተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ይግባ፣ መታወቂያም ትያዝ። አፍተር ኬር (ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጅ ማቆያ) ካስፈለገ ግን ምዝገባው ለብቻ መሆኑን እወቂ፤ ወንበር ማግኘት አፍተር ኬር ማግኘት አይደለም። «ለፒኬ 3 ስንት ቦታ አላችሁ፣ መቼ ይከፈታል፣ ስንት ይከፈላል?» ብለሽ ከየትምህርት ቤቱ ጻፊ። ቻርተሮች በሳምንት አንድ ቀን ቀድመው የሚለቁበት ልማድ ስላለ የትኛው ቀን እንደሆነም ጠይቂ። ከወሰናችሁ በኋላ አንድ ቀዝቃዛ የፌብሯሪ ጠዋት ልጁን ይዛችሁ መንገዱን በእግር ሂዱት።

አሁን ወደ ፈራሽው፣ ወደ ኪራይ ውሉ። ውል የግድ አይደለም። የዲሲ ነዋሪነት በሁለት መንገድ ይረጋገጣል፦ ከጠንካራዎቹ ማስረጃዎች አንድ፣ ወይም ከቀለሉት ሁለት። ከጠንካራዎቹ ውስጥ በ45 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔይስተብ (የደመወዝ ወረቀት) አለ፤ የዲሲ አድራሻሽና የተቆረጠ የዲሲ ግብር ሊታይበት ይገባል። እዚህ ላይ ነው ቨርጂኒያ የምትሠሩት የምትያዙት። ሆቴሉ የቨርጂኒያን ግብር እየቆረጠብሽ ከሆነ ፔይስተቡ አይሠራም። የዲሲ ነዋሪ ቨርጂኒያ ቢሠራም ግብሩ ለዲሲ ስለሆነ ዲ-4 የሚባለውን የዲሲ ግብር መቁረጫ ፎርም ሞልተሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ ስጪ፤ አሁን ካስተካከልሽ ለምዝገባ ይደርሳል። ከዲሲ መንግሥት የተሰጠ የሜዲኬይድ ማረጋገጫም ከጠንካራዎቹ ነው። በእናንተ ቤት ግን ከሁሉም የሚቀለው በባለቤትሽ በኩል ነው፤ ጊዜው ያላለፈ የዲሲ መንጃ ፈቃድና የዲሲ የመኪና ምዝገባ ሁለቱ ተደምረው ይበቃሉ። ሁለቱም ላይ ያለው አድራሻ የዛሬው ቤዝመንት ይሁን፤ ያለፈው ቤት ከሆነ አሁን ያስቀይር። ማስረጃው በስሙ ስለሆነ ምዝገባውን የሚፈርመውም እሱ ነው።

ውጤቱ ማርች መጨረሻ ላይ ይመጣል። የተመደብሽበትን ብዙውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 ካልተመዘገብሽ ወንበሩ ይሄዳል። መመዝገብሽ ከላይ ለጻፍሻቸው ከያዝሽው ተጠባባቂነት አያስወጣሽም፤ ስለዚህ «የተሻለው ይምጣ» ብለሽ አትዘግዪ። ማይ ስኩል ዲሲ ካለፉት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ከተጠባባቂ ስንት ልጅ እንደተጠራ ያወጣል፤ 40ኛ ሆነሽ ባለፈው ዓመት እስከ 60 ጠርተው ከነበረ ተስፋ አለሽ፣ 9ኛ ሆነሽ ሁለት ብቻ ጠርተው ከነበረ ልብሽን አትስቀዪ። ጥሪው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይም ይቀጥላል። በስልክ ወይም በኢሜይል ስለሚመጣና የመልስ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቁጥር ከቀየርሽ ማመልከቻው ላይም ቀይሪ፤ ሥራ ላይ ስልክ የማታነሺ ከሆነ የባለቤትሽን ቁጥር ጨምሪ።

የጤና ወረቀቶቹ ደግሞ ለኦገስት አይቆዩ። የሐኪም ፎርሙ፣ የጥርስ ፎርሙና የክትባት ማስረጃው ይጠየቃሉ፤ አዲስ አበባ የተከተበውን ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ዲሲ ከ6 ዓመት በፊት ሁለት የሊድ (ደም ውስጥ የሚገባ የእርሳስ ብረት) የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ አንዱንም አላደረገም፣ በሁለቱ መካከልም ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በዚህ ወር አስደርጊ፣ የቀረውን ቀጠሮ ለጁን ያዢ።